እማዬን ሮም ውስጥ የት የት ልውሰዳት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ለገጣፎ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ታናሽ እህቴ ቦሎኛ ትሠራለች። ዘንድሮ እማዬንና እኔን ጋብዛን ቪዛው ወጣልን፤ የምንሄደው በሰኔ መጨረሻ ነው። እህቴ እረፍት ያላት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለሆነ ሮምን በሁለት ቀን ልናሳያት አስበናል። እህቴ 17 ቦታ ለቅማ ልካልኛለች። እማዬ ደግሞ 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ የሰኔን ጾም ትጾማለች። የት መሄድ እንደምትፈልግ ስጠይቃት «እኔ ምን አውቄ፣ እናንተ ወደ ወሰዳችሁኝ» ነው የምትለው። ምን እናሳያት? ምንስ ትበላለች? ሙቀቱንስ ትችለዋለች?
ሰ. ነኝ፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ቪዛ ወጥቶ ስለ ሙቀት መጨነቅ መታደል ነው።

በመጀመሪያ 17ቱን ቦታ ለእህትሽ መልሺላት። በሁለት ቀን 17 ቦታ እዞራለሁ ያለ ሰው አይቶ የሚመጣው የታክሲ መስኮት ነው። «እናንተ ወደ ወሰዳችሁኝ» የሚለውንም እንደ መልስ አትቁጠሪው። «የትሬቪ ፏፏቴ ይሻላል ፓንቴዮን?» ተብለው ተጠይቀው ሌላ ምን ይበሉ? ጥያቄውን ቀይሪው። «እማዬ፣ የጴጥሮስና የጳውሎስ መቃብር ያለው እዚያ ነው» በያቸውና ዝም የሚሉ ከሆነ እናያለን።

እናትሽ የሚጾሙት እኮ የሐዋርያትን ጾም ነው። ሐምሌ 5 ለሚፈቱት ጾም፣ ሁለቱ ሐዋርያት የተሰዉባት ከተማ ውስጥ ቆመው ሊጸልዩ ነው። እንዲህ ያለው ቀን ተገጣጥሞላችሁ ፏፏቴ ዳር ሰልፊ ስትጋፉ ብትውሉ እኔ በበኩሌ አዝናለሁ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መግባቱ የሚከብዳቸው ከሆነ ከመሄዳቸው በፊት የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። እናንተ አትወስኑላቸው።

የጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ከጥንቱ የከተማ ቅጥር ውጭ ስለሆነ ብዙ ቱሪስት አይደርስበትም። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በሜትሮ ቢ መስመር ተሳፍራችሁ «ባዚሊካ ሳን ፓኦሎ» የሚባለው ጣቢያ መውረድ ነው። የድሮው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1823 ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው። መቃብሩ ከመንበሩ ሥር ነው። በላዩ ላይ ጳውሎስ የታሰረበት ነው የሚባል ሰንሰለት በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። እኔ አባባን ይዤ የሄድኩ ጊዜ በሩ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። «እዚህ አያወልቁም አባባ» ብላቸው «እነሱ ባያወልቁ እኔ ምን አገባኝ» ብለው ጫማቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በካልሲ ገቡ። ያ ሁሉ እብነ በረድ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ዓምድ መሀል፣ በካልሲ። ጥበቃው አየት አድርጓቸው ፊቱን አዞረ። እናትሽም ካወለቁ ተያቸው። ሙቀት ሲሆን ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ለእግራቸውም ደግ ነው።

የጴጥሮሱ ግን ወረፋ አለው። ቤተ ክርስቲያኑ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይከፈታል። ያኔ ከደረሳችሁ ሰተት ብላችሁ ትገባላችሁ፤ ረፋዱ ላይ ከሆነ ፀሐይ ላይ መሰለፍ ነው። የጳጳሱ ሥነ ሥርዓት ባለበት ቀን ስለሚዘጋ እህትሽ አስቀድማ ትይ። መግቢያው ነፃ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። እናትሽ ነጠላቸው አለላቸው፤ እኔ የማስበው ለእናንተ ነው። የቫቲካን ሙዚየም ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ ዝግ ነው። እንኳንም ዘጉት፣ ለታመመ ጉልበት አይሆንም።

ቅዳሜን ልንገርሽ። ከቦሎኛ በፈጣኑ ባቡር ሮም ለመድረስ ሁለት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ተርሚኒ ስትወርዱ ፊት ለፊታችሁ ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን መሰሉሽ? በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሻንጣችሁን ሳትጎትቱ ይህን ለእናትሽ ንገሪያቸው። ከዚያ በኋላ ከተማዋን የሚያዩበት ዓይን ሌላ ነው።

ሆቴል እዚያው አካባቢ፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ከሚባለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያዙ። ከባቡር ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ነው። «ሊፍት አለው ወይ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ግን አትክፈሉ፣ የድሮ ቤቶች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስትገቡ በግራ በኩል ባለው ትልቅ ጸሎት ቤት አንድ ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ለእናትሽ ምንም ሳትናገሪ ፊቱ አቁሚያቸው። ልጇን ታቅፋለች፣ ልጁ መጽሐፍ ይዟል፣ እሷ እጆቿን አቆላልፋ መሐረብ ይዛለች። «ይቺማ የኛዋ ናት» ማለታቸው አይቀርም። እውነት አላቸው። የዚህ ሥዕል ቅጂ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን በነበሩበት ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ሠዓሊዎቻችን በራሳቸው እጅ እየሣሉ አባዙት። በየቤተ ክርስቲያኑ ከምናያቸው የምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕሎች ስንቱ ነው የሱ ዘር! ጣቶቿን ተመልከቱ። ሁለቱ ዘርጋ ያሉት በእኛም ሥዕል ላይ እንዲሁ ናቸው። እዚህ አትቸኩሉ።

ከምሳ በኋላ ይተኙ። ሰኔ መጨረሻ ለገጣፎ ዝናብና ጭቃ ነው፤ ሮም ግን ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በእኛ ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ከቤት አትውጡ። በየመንገዱ ቀን ከሌት የሚፈስ የመጠጥ ውኃ አለ፣ ጠርሙስ ያዙ። ጉልበታቸውን በተመለከተ፣ መሀል ከተማው አብዛኛው ኮብልስቶን ነው፦ ጥቁር፣ ትንንሽ፣ በእግር ብዛት የለሰለሰ። የሰፈራችሁን ኮብልስቶን ለለመደ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሮም በሚያደርጉት ጫማ ከአሁኑ ሰፈር ውስጥ ያለማምዱት። አዲስ ጫማ ገዝታችሁ እዚያ እንዳታስጀምሯቸው። ታክሲ ከተሰለፈበት ቦታ ነጩን ብቻ ያዙ። ሜትሮ ውስጥ ቦርሳቸውን ከፊት ይያዙ፣ የሮም ኪስ አውላቂ ከመርካቶው አያንስም።

ማታ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ኮሎሲየም ሂዱ። ውስጡ ሳትገቡ ከውጭ ማየት ይበቃል፤ ውስጡ ደረጃ ነው፣ ትኬቱንም ቀድሞ መቁረጥ ይጠይቃል። አጠገቡ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ። ቆስጠንጢኖስ ማለት የንግሥት እሌኒ ልጅ፣ ደመራ የምንደምርላት የእሌኒ። እዚያው ቅስት ሥር ደግሞ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሩጫውን ጨርሷል፤ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዋዜማው፣ ማታ ከጨለመ በኋላ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነበር። እናትሽ ያኔ ሕፃን ቢሆኑም ሲወራ አድገዋል።

ጉልበታቸው ከፈቀደ ከቅስቱ ተነሥታችሁ ዛፍ ባለበት ሰፊ መንገድ ቀስ እያላችሁ ፖርታ ካፔና አደባባይ ድረስ ሂዱ። ካልፈቀደም አንድ የሜትሮ ጣቢያ ነው። የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው እዚያ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1937 ወስደው አቆሙት። አበበ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት የሄደው በዚሁ ሐውልት አካባቢ ነው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2000 ነሐሴ ላይም አክሱም ላይ ቆሞ ተመረቀ። አሁን አደባባዩ ላይ መኪና ይተራመሳል። ጎን ለጎን የቆመው ትልቅ ሕንፃ ፋኦ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ነው፤ ሲጀመር የታሰበው ለጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር።

አባባ እዚያ ሲደርሱ «የት ጋ ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። «ባዶ ነው?» «ባዶ ነው።» «እሰይ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው «በል አንሺኝ» አሉ፤ ተናደውም ደስ ብሏቸውም ሲሆን ሴቱንም ወንዱንም «በል» ነው የሚሉት። ፎቶው ላይ ከኋላቸው የሚታየው አውቶቡስ ብቻ ነው። ቤት እንግዳ ሲመጣ የሚያወጡት ግን እሱን ነው፤ ኮሎሲየም ፊት የተነሡትን ማንም አይቶት አያውቅም።

ምግቡ አያስቸግርም። ፒዛ ማሪናራ አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት ነው። ፓስታ አራቢያታ የሚያቃጥል ስጎ ነው፣ እናትሽ ይወዱታል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ «ሴንሳ ፎርማጆ» ካላላችሁ ግን አይብ ይነሰንሱበታል። ደረቁን ፓስታ እዘዙ፣ ትኩሱ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። ቡናውን ቆማችሁ ስትጠጡ ዋጋው ይረክሳል፣ እናትሽ ግን ይቀመጡ፣ ልዩነቱን ክፈሉ። በሶና ዳቦ ቆሎ ያዙ። ለእህትሽ ቅቤና ቋንጣ ለመሸከም ካሰባችሁ ግን ተዉት። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፣ ከተገኘ ይጥሉታል። በርበሬና ሽሮ ይበቃታል።

ትሬቪ የግድ ካላችሁ ሌሊት ሊነጋጋ ሲል እናንተ ሁለታችሁ ሂዱ። እናትሽ ይተኙ።

ጥያቄ፦ አባቴን ለሦስት ቀን ሮም ላስጎበኝ አስቤያለሁ። እዚያ ዘመድ የለንም። ከስንት ጊዜ በፊት ነው የምጀምረው?
ከሰበታ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም በል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን (ጣሊያን ያለችበት የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል። የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከልም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ፓስፖርታችሁ ከዚያ ከወጣችሁ በኋላ ቢያንስ 3 ወር ይቀረው። የሚሰጣችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ስለሆነ መሀል ላይ ከሸንገን ውጭ ያለችው ለንደን ደርሶ የመመለስ ሐሳብ ካለህ አሁኑኑ ሰርዘው። ቪዛው እስኪወጣ ትኬት ቦታ ማስያዝ እንጂ መቁረጥ የለም። አባትህ የጡረታ ደብተርና የቤት ካርታ ካላቸው አብሮ ይግባ፤ ተመልሰው እንደሚመጡ ከሚያሳዩት ወረቀቶች ውስጥ ናቸው።