ጥያቄና መልስ፦ ኮሚክስ ከየት ይጀመራል?

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ኮሚክስ፣ በተከታታይ ሥዕሎች ስለሚነገር ታሪክ፣ ናቸው። የክረምቱ ዝናብ ሰዉን ቤት አስቀምጦት ይሆናል።

«ልጅ ሆኜ ባትማን እወድ ነበር። አሁን 34 ዓመቴ ነው። ልመለስ ብል ብዛቱ አስደነገጠኝ።» — የባንክ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ያመለጠህን ሁሉ አነባለሁ ብለህ አትነሣ። ጭምብል ለብሶ ወንጀለኞችን የሚዋጋው ባትማን የተጀመረው በ1939 ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ሁሉንም ያነበበ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። አንብቤያለሁ የሚልህም ካለ አትመነው። መጨረሻ ያለው አጭር ነገር ያዝ። በ1987 የወጣው «ባትማን፦ ዪር ዋን» አራት ቁጥር (እትም) ብቻ ነው። ሰውዬው ጭምብሉን ባጠለቀበት የመጀመሪያ ዓመት ስለሚጀምር የቀደመውን ማወቅ አይጠበቅብህም። ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ይዘኸው ብትወጣ ጀንበር ሳትጠልቅ ትጨርሰዋለህ።

«ዎችመን» የሚባለውን ኮሚክስ የሚመክርህ አይጠፋም። 12 ቁጥር ነው፣ ግሩም ነው። ግን እነ ባትማንን የመሰሉ ጀግኖችን የሚሸነቁጥ ሥራ ነው። የሚሸነቁጠውን ሳትለምድ ከገባህበት ግማሹ ጣዕም ያመልጥሃል። ሁለተኛ አድርገው።

«ዋን ፒስን ልጀምር?» — የፖሊቴክኒክ ተማሪ

ፈተና ከደረሰ ተው! ይህ ማንጋ (የጃፓን ኮሚክስ) ከ1997 ጀምሮ እየወጣ ነው፤ ከ100 ጥራዝ አልፎም አላለቀም። በምትኩ ሌሎች ማንጋዎች አሉ፦ «ዴዝ ኖት» 12 ጥራዝ፣ «ፉልሜታል አልኬሚስት» 27 ጥራዝ ናቸው፤ ሁለቱም አልቀዋል። ማንጋ የሚነበበው ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ በእኛ ልማድ መጨረሻ የምንለው ገጽ የእሱ መጀመሪያ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ገዳዩን በመጀመሪያው ገጽ ያዝኩት።

«የ10 ዓመት ልጄ መጽሐፍ አይነካም። ኮሚክስ ያበላሸው ይሆን?» — እናት፣ ሽምብጥ

አያበላሸውም፣ እመቤቴ። ግን ኮሚክስ ሁሉ የልጅ አይደለም፤ ከላይ የጠቀስኳቸውን ለእሱ አይስጡት። የወጣቱን ጋዜጠኛ የ«ቲንቲን»ን ጀብዱ ይሞክሩ። 24 መጻሕፍት አሉት፤ አብዛኞቹን ለየብቻ ማንበብ ይቻላል። ቲቤት የሚሄድበት ጥሩ መነሻ ነው። ኮንጎ የሚሄድበትን ይዝለሉት፤ አፍሪካውያን የተሳሉበት መንገድ ያሳፍራል። ትንሽ ከፍ ሲል «ጀምበር» አለለት። በ2018 በአማርኛም በእንግሊዝኛም የወጣ የእኛው ሥራ ነው። ጀግናው ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ለእኛ ምን ያደርግልናል?» — መምህር፣ ዘጌ

መምህር፣ እርስዎ ዘጌ ተቀምጠው ይህን ይጠይቁኛል? የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን መቅደስ ግድግዳ ዞር ብለው ይዩት። ታሪኩ በሥዕል፣ ክፍል በክፍል ነው የተነገረው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሣጥን የሚስሉት ሸራስ? ተማሪዎችዎን አንድ ቀን ወደ ኡራ ይውሰዷቸውና «ይህ ታሪክ በየት በኩል ይጀምራል?» ብለው ይጠይቋቸው። ሲከራከሩ ይስሟቸው።