ባትሪው የማን ነው? ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የንጹሕ ኃይል ጀማሪ ኩባንያዎች ለቀረበው ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ከሜሪላንድ ያቀረቡትን ጥያቄ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ለዓመታት ካጠራቀሙት ገንዘብ የተወሰነውን በምሥራቅ አፍሪካ በንጹሕ ኃይል ዘርፍ ገና በመጀመር ላይ ባለ ኩባንያ ውስጥ ማዋል እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ ተስፋ የሚጣልባቸው የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቀዋል። በዚህ ዘርፍ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አምስቱን በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር ሶላር በመትከልና በመጠገን፣ አራቱን ደግሞ ናይሮቢ ውስጥ በድኅረ ሽያጭ አገልግሎት ክፍል አሳልፌያለሁ። ስለዚህ መልሴን የገንዘብ ባለሙያ ምክር አድርገው አይውሰዱት፤ ዕቃው ሲበላሽ ደንበኛው ደጃፍ ላይ የሚቆም ሰው ምስክርነት ነው።

በወላይታ አካባቢ የሠራሁበት ድርጅት የሚሸጠው ዕቃ ጥሩ ነበር። ሦስት አምፖል፣ የስልክ መሙያና ራዲዮ ስለነበረው ብዙ ቤቶች ኩራዝን አስቀምጠው ለነጭ ጋዝ ያወጡት የነበረውን ገንዘብ በየወሩ ለእኛ ይከፍሉ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ባትሪዎቹ መድከም ሲጀምሩ ግን መለወጫ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ያዝን፤ ወረፋው ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ገንዘብ ለመሰብሰብ የሄድኩባቸው አንዲት እናት «መብራቱ ሲበራ እከፍላለሁ፣ ልጄ» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም፤ ትክክል ነበሩና። ክፍያው በመንደር በመንደር ቆመ፤ ድርጅቱም ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማንኛውም ጀማሪ ኩባንያ አስቀድሜ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ በየትኛው ገንዘብ ተበድሮ በየትኛው ይሰበስባል? ባትሪው ሲደክም ኪሳራው የማን ነው?

ችግሩ የትናንሾቹ ብቻ አይደለም። በታንዛኒያና በሩዋንዳ የቤት ሶላር ያስፋፋው የጀርመኑ ሞቢሶል በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኪሳራ ሂደት ውስጥ ገብቶ በዚያው ዓመት ለፈረንሳዩ የኃይል ኩባንያ ኤንጂ ተላልፏል። ዕቃን በብድር ሰጥቶ ክፍያውን ለዓመታት መጠበቅ ጥልቅ ኪስ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የአገር ውስጥ ገንዘብ በዶላር ፊት በወደቀ ቁጥርም ዛሬ የተሸጠው ዕቃ ነገ ሲሰበሰብ ዋጋው ያነሰ ይሆናል። የቤት ሶላርን በብድር በመሸጥ የጀመረው የኬንያው ኤምኮፓ ጸንቶ የዘለቀው በ2007 በተጀመረው በኤምፔሳ የስልክ ገንዘብ መክፈያ ላይ ተመሥርቶ፣ ክፍያ ሲቋረጥ ዕቃውን ከርቀት የሚዘጋ ሥርዓት ስለዘረጋ ነው። በዚያው የአሰባሰብ ሥርዓት ወደ ስማርት ስልክ ሽያጭ መሻገሩም የኩባንያው እውነተኛ ሀብት ከፓናሉ ይልቅ ክፍያ የመሰብሰብ ችሎታው እንደነበረ ያሳያል።

ዛሬ እጅግ ተስፋ የማደርገው በኤሌክትሪክ መጓጓዣ ነው፤ ምክንያቱም ለሁለቱ ጥያቄዎቼ የተሻለ መልስ ያገኘሁት እዚያ ነው። በኪጋሊ የሚገኘው አምፐርሳንድ ለሞተር ታክሲ ነጂዎች የኤሌክትሪክ ሞተር ያቀርባል፤ ባትሪው ግን የኩባንያው ሆኖ ይቀራል። ነጂው ባትሪው ሲያልቅ መለወጫ ጣቢያ ገብቶ በደቂቃዎች ውስጥ የተሞላ ባትሪ ይቀበልና ለተጠቀመበት ኃይል ይከፍላል። ይህ ሰው ድሮም ለቤንዚን በየቀኑ ገንዘብ ያወጣ ስለነበር አዲስ ወጪ አልተጫነበትም፤ ባትሪው ቢደክምም የሚጨነቀው ባለጣቢያው ነው። በ2021 በናይሮቢ የተመሠረተው ባሲጎም የኤሌክትሪክ አውቶቡሱን ከባትሪው ዋጋ ለይቶ ለማታቱ (የኬንያ የሕዝብ ማመላለሻ) ባለንብረቶች እያቀረበ በተነዳው ኪሎ ሜትር ልክ ያስከፍላል። የኬንያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከከርሰ ምድር እንፋሎት፣ ከውኃና ከነፋስ የሚመነጭ በመሆኑ መኪናው ብቻ ሳይሆን የሚነዳበት ኃይልም ንጹሕ ነው። በሶላር የሚሠራ የመስኖ ፓምፕ የሚያቀርበው ሰንካልቸርም በሥራው የማከብረው ነው፤ ሆኖም የገበሬ ገቢ በመከር ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ዝናብ ሲዛባ ክፍያውም አብሮ ይዛባል፤ ስለዚህ ከእርስዎ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስለ አገራችን ደግሞ ልቤ ያዘነበለ ስለሆነ ጠንቀቅ ብዬ ልጻፍ። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ለኤሌክትሪክ መጓጓዣ ሰፊ በር ከፍቷል፤ በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት የሚገጣጥመው ዶዳይም በዚሁ በር ከሚሠሩት አንዱ ነው። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ደግሞ ሁለት ስለት አለው፤ እኔን ያጠፋኝን ዓይነት ወረፋ ያቃልላል፣ ከውጭ የሚመጣውን ባትሪ በብር ግን እጅግ ያስወድዳል። ከዚህ አንጻር የፕላስቲክ ቆሻሻን ወደ ግንባታ ዕቃ የሚለውጠው ኩቢክ ትኩረቴን ይስባል፤ ጥሬ ዕቃው እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰበሰብ ነውና።

ብዙዎች ሲያልፉት የሚያሳዝነኝ ሥራ ግን የእንጀራ መጋገሪያ ነው። በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ምጣድ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚፈልግ እኔ ስተክለው የኖርኩት የቤት ሶላር አጠገቡ አይደርስም። ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ገደማ የሚቆጥበው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በየአካባቢው በጥቃቅን አምራቾች ይሠራል፤ ዶላርም ባትሪም አይጠይቅም። አነስተኛ ኃይል የሚወስድ ምጣድ የሚሠራ ወይም የምድጃ አምራቾችን በብድርና በገበያ የሚያገናኝ ጀማሪ ድርጅት ካገኙ፣ ሽልማት ባይኖረውም ሰከን ብለው ያድምጡት።

ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት ከኩባንያው አንድ ሰነድ ይጠይቁ፤ ከ2 ዓመት በፊት ዕቃ ከወሰዱት ደንበኞች ውስጥ ዛሬም የሚከፍሉት ስንት እንደሆኑ የሚያሳይ። የአዲስ ደንበኞችን ብዛት ብቻ የሚነግርዎ ከሆነ ይተዉት። የኬንያን ኩባንያ ከመረጡ የግብር ሕጉንም ይከታተሉ፤ በ2020 በሶላር ዕቃዎች ላይ 14 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተጥሎ በ2021 ተነሥቷል፤ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ዋጋ ማስተካከል ምን ያህል ከባድ እንደነበር በሥራ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ወደ አገር ቤት ሲመጡ የሚተርፍዎ ቀን ካለ በኪጋሊ በኩል ይለፉና ከአንድ የባትሪ መለወጫ ጣቢያ አጠገብ ግማሽ ቀን ይቀመጡ፤ ስንት ነጂ እንደሚመጣና ወረፋው ምን ያህል እንደሚቆይ ይቁጠሩ፤ ከነጂዎቹም አንዱን ቤንዚን ሲነዳ በቀን ምን ያህል ይተርፈው እንደነበር ይጠይቁት።