አፈር ለምትቆፍሩ ሁሉ፦ የመስክ ሥራ ጥያቄና መልስ

በአፈር ጤና ክትትል ምርምር የመስክ ቴክኒሻን ሆኜ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ጎጃምና ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያልቆፈርኩበት ወረዳ ጥቂት ነው። ስለ መስክ ሥራው ጠይቁኝ። ማዳበሪያ መቼ ይገባል የሚለውን ግን ወረዳችሁን ጠይቁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ ሥራው ምንድን ነው? ቀኑ እንዴት ይውላል?

መልስ፦ በጂፒኤስ ነጥቡን ታገኛለህ። ከነጥቡ ዙሪያ ከ10 እስከ 20 ቦታ በኦገር (በእጅ እየተጠመዘዘ አፈር በሚያወጣ መሰርሰሪያ) አፈር ታወጣለህ። በፕላስቲክ ባልዲ ትቀላቅላለህ። የቆርቆሮ ባልዲ አይሆንም፣ ዚንኩ ወደ ናሙናው ይገባል። ግማሽ ኪሎ ያህል ለላብ (ለላቦራቶሪ) ትይዛለህ፣ የቀረውን ወደ ጉድጓዱ ትመልሳለህ። ማታ ናሙናውን ጥላ ላይ ታሰጣለህ፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ጥልቀቱን ጻፍ። ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እንደዚያው ብለህ ጻፍ።

ከባሕር ዳር፦ ለማስተርስ ጥናቴ የአፈር ካርቦን እየለካሁ ነው። ባልክ ዴንሲቲ (አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ አፈር ደርቆ ስንት ግራም እንደሚመዝን) ብተወው ችግር አለው? ጓደኞቼ አይለኩትም።

መልስ፦ አለው፣ እህቴ። ስለዚህ ጉዳይ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፣ ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ላብ የሚሰጥሽ መቶኛ ነው። 2 በመቶ አለሽ እንበል። በሄክታር ስንት ቶን ነው ብትባዪ ያለ ባልክ ዴንሲቲ መልስ የለሽም። እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ፣ ባልክ ዴንሲቲው 1.0 ከሆነ 40 ቶን ነው፤ 1.2 ከሆነ 48 ቶን ነው። ስምንት ቶን ልዩነት! ይህ አፈሩ ያጠራቀመው ካርቦን አይደለም። ከብት የረገጠው ማሳና ትናንት የታረሰ ማሳ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ዲያሜትሩ 5፣ ቁመቱ 5.1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮር (ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ የብረት ቀለበት) 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይይዛል። ላዩን ገለባና ሣር በእጅሽ አንሺ። ኮሩ ላይ ጣውላ አድርገሽ በመዶሻ ቀስ ብለሽ ምቺ። በኃይል ከመታሽው አፈሩ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ቁጥሩም ይዋሻል። ዙሪያውን ቆፍረሽ አውጪው። ከላይና ከታች የተረፈውን በስለታም ቢላ ከኮሩ ጠርዝ ጋር እኩል ቁረጪ። ድንጋይ ወይ ወፍራም ሥር ቢላውን ከያዘው ኮሩን ደፍተሽ ሌላ ውሰጂ፣ በጣትሽ ሞልተሽ አታስተካክይ። ላብ ውስጥ በ105 ዲግሪ 24 ሰዓት ይደርቃል፣ ከዚያ ይመዘናል። 118 ግራም ከመጣ 1.18 ነው። ከአንድ ነጥብ ቢያንስ ሦስት ኮር ውሰጂ። ጥልቀቱንም ጻፊ!

ከአዳማ፦ ደመወዙ ስንት ነው? አበልስ?

መልስ፦ እንደ ፕሮጀክቱ ነው። ቀጣሪውን ጠይቅ።

ከእንጅባራ፦ ኖራ በተንን፣ ገብሱ ምንም አልተለወጠም። ኖራ አይሠራም ማለት ነው?

ከሆለታ፦ መጠኑን ማን አወጣላችሁ? ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፣ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) ስንት ነበር?

ከዳንግላ፦ ኖራ ይቅርባችሁ። ዲከረንስ (ቶሎ የሚያድገውን የግራር ዓይነት ዛፍ) ተክሎ ከሰል ማክሰል ይሻላል። መሬቱም ያርፋል፣ ብርም ይገኛል።

ከሆለታ፦ ልጆችህን ከሰል ታበላቸዋለህ? ዛፉ አሲዱን ቢያባብሰውስ?

ከዳንግላ፦ አላባሰውም። ዛፉ ከተነሣ በኋላ ጤፉ ጥሩ ነው፣ ናና እይ።

መልስ፦ ቆዩ። ዛፉ ሳይተከልና ከተነሣ በኋላ ከአንድ ቦታ ናሙና ካልተወሰደ ሁለታችሁም በግምት ነው የምትከራከሩት። ወደ ኖራው ስንመጣ፣ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ይጎዳል፣ ኖራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ያለ ልኬት የተበተነ ኖራ ግን ሠራም አልሠራም ማለት አይቻልም። ስትለኩ ደግሞ በውኃ ነው ወይስ በፖታሲየም ክሎራይድ ብላችሁ መዝግቡ። በፖታሲየም ክሎራይድ ሲለካ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። አንዱን ዓመት በዚህ፣ ሌላውን በዚያ ለክታችሁ አፈሩ አሲድ ሆነ አትበሉ። የኖራ ጥያቄ እዚህ ላይ ይብቃ።

ከጎንደር፦ አፈሬ ጤነኛ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ የት ያለ አፈር? ምን የሚዘራበት? ከምን ጋር ሲነጻጸር? ጥያቄውን አሟልተህ አምጣ።

ከጎንደር፦ እርከን ከተሠራ አምስት ዓመት የሆነው የአያቴ ማሳ ነው። ጎን ለጎን እርከን የሌለው አለ።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። ከሁለቱም፣ ከአንድ ዓይነት አፈርና ከአንድ ጥልቀት፣ የደረቀ ትንሽ ጓል ውሰድ። ሁለቱንም ቀስ ብለህ ውኃ ውስጥ አስቀምጥ። አንዱ በደቂቃ ውስጥ እንደ ዱቄት ይፈርሳል፣ አንዱ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ቅርጹን የያዘው ዝናብ ሲመታው ቶሎ አይታጠብም። ፎቶ አንሣና በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ድገመው።

ከሚኒሶታ፦ እዚህ ያሉት ብዙ ነገር ይለካሉ። ገንዘብ ከሌለ የትኞቹ ይበቃሉ?

መልስ፦ እናንተ ጋ ጥሩ ሥራ ተሠርቷል። ሶይል ኸልዝ ኢንስቲትዩት የሚባለው የአሜሪካ የአፈር ምርምር ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከካናዳ እስከ ሜክሲኮ ካሉ 124 የረጅም ጊዜ የሙከራ ቦታዎች ናሙና ወስዶ ከ30 በላይ መለኪያዎችን ፈተነ፣ በኋላም ጥቂት ብቻ መረጠ፦ የአፈር ካርቦን፣ ማይክሮቦች በ24 ሰዓት የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እና የጓል ጥንካሬ። ሦስተኛውን ከላይ ለጎንደሩ ልጅ ነግሬዋለሁ።

ከደሴ፦ ላስቲኩ ላይ በማርከር የጻፍኩት ጠፋብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ስንት ጊዜ ተጠየቀ! በእርሳስ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ወረቀቱን በትንሽ ላስቲክ አድርጋችሁ ከናሙናው ጋር ውስጥ ክተቱ። ላዩም ላይ ጻፉ። ሁለቱንም። አንድ ክረምት መኪናው ላይ ዝናብ ገብቶ 60 ናሙና ስም አልባ ሆኖብኛል። የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር። ያንን አፈር ስደፋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያንተ የሚለይበት ምንም ምልክት ከሌለ ጣለው፣ ገምተህ አትሙላ።

ከደብረ ብርሃን፦ ገበሬዎቹ ማሳቸውን እንድንነካ አይፈቅዱም። መሬቱ ሊወሰድ ነው ይላሉ።

መልስ፦ ፍርሃታቸውን አትናቁ። ገመድ ይዞ የመጣ ሰው ጥሩ ዜና አምጥቶላቸው አያውቅም። መጀመሪያ ከልማት ሠራተኛው ጋር ሄዳችሁ ባለቤቱን ቤቱ አግኙት። ቡና ካቀረቡላችሁ ተቀመጡ። ከዚያ እሱ ራሱ ይምራችሁ። አንድ አባት እንሳሮ ላይ «ወርቅ ነው የምትፈልጉት?» አሉኝ። ኦገሩን ሰጠኋቸው። ራሳቸው ቆፍረው ከታች ያለውን ነጣ ያለ አፈር ሲያዩ፣ «አባቴ ሲያርሱ ይህ አይወጣም ነበር» አሉ። የላዩ አፈር መታጠቡን ከእኛ በፊት ያውቁታል። ዋናው ግን ውጤቱን መመለስ ነው። ወሎ ውስጥ ማይባር ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከዚያም ሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድና ጎጃም አንጀኒ ላይ፣ የአፈር መሸርሸር ክትትል ለብዙ ዓመታት የዘለቀው በየዓመቱ እዚያው ቦታ ስለተመለሱ ነው። በሩን ዘግታችሁ ከወጣችሁ በሚቀጥለው ዓመት ማን ያስገባችኋል?

ከቢሾፍቱ፦ ዋልካ ላይ ባልክ ዴንሲቲ በየጊዜው ይለያይብኛል። በጥር 1.4፣ በነሐሴ 1.1። ኮሬ ነው የተበላሸው?

ከአምቦ፦ ዋልካ ጥቁር ስለሆነ ካርቦኑ ብዙ ነው፣ እሱ ይሆናል።

ከቢሾፍቱ፦ ላብ 1.3 በመቶ ነው ያለው።

መልስ፦ የአምቦው፣ ጥቁረት ብቻውን የካርቦን ብዛት አያሳይም፣ ዋልካ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። የቢሾፍቱው፣ ኮርህ ደህና ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። የጥሩንና የነሐሴውን ማነጻጸር አይቻልም። በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በተቀራራቢ እርጥበት ውሰድ። እርጥቡንም ደረቁንም መዝነህ የእርጥበቱን መቶኛ ጎን ለጎን መዝግብ። ስንጥቅ ላይ ኮር አታስገባ። መጨረሻ መቼ እንደዘነበም ባለቤቱን ጠይቀህ ጻፍ፣ ጥልቀቱንም አብረህ።