የቫዮላ ቀሚስ የት ሄደ?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት የቲያትር ተማሪ ጥያቄ አቀረበችልኝ። «እትዬ፣ የሼክስፒር ሴቶች ሰው እንዲሰማቸው የግድ ሱሪ መልበስ አለባቸው? ይሄ ሴትን መናቅ አይደለም?» አለችኝ። እዚያው የምችለውን መለስኩላት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭቴን ቀስቅሶብኝ ነበር።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት የመድረክ ልብስ ስሰፋ ነው። በወጣትነቴ አንድ ቡድን የሼክስፒርን «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ሊያቀርብ ተነሣ። ታሪኩን ለማታውቁት ላጫውታችሁ። ቫዮላ መርከቧ ተሰባብሮ የማታውቀው አገር ትወጣለች። መንትያ ወንድሟ የሞተ ይመስላታል። የወንድ ልብስ ትለብስና ሴዛሪዮ ነኝ ብላ መስፍኑ ኦርሲኖ ቤት አሽከር ሆና ትገባለች። ኦርሲኖን ትወደዋለች። እሱ ደግሞ የሚወዳት ኦሊቪያን ነውና ቫዮላን የፍቅር መልእክት አስይዞ ይልካታል። ኦሊቪያን የመልእክተኛው ፍቅር ይይዛታል።

ቫዮላን የምትጫወተው ልጅ ቀጭንና ዝምተኛ ነበረች። ስለካት እንኳ ትንፍሽ አትልም። ልምምድ ላይ ስትቆም ግን ሌላ ሰው ናት። አንድ ቀን አዘጋጁን «ጋሼ፣ ቫዮላ እኮ መጨረሻ ላይ ቀሚስ አትለብስም» አለችው። «የሴት ልብሷ ያለው ከባሕር ያወጣት ካፒቴን ጋ ነው። ካፒቴኑ ደግሞ በኦሊቪያ ቤት አዛዥ በማልቮሊዮ ክስ ታስሯል።» እውነቷን ነው። ድርሰቱ ላይ እንደዚያው ነው የተጻፈው። ኦርሲኖ ሊያገባት ቃል ሲገባ ፊቱ የቆመችው በወንድ ልብስ ነው። ቀሚሷን እስክትለብስ ሴዛሪዮ እላታለሁ ይላል። ተውኔቱ ያልቃል፤ ቀሚሱ አይመጣም።

አዘጋጁ ሳቀባት። «ሕዝቡ ሙሽራ ማየት ነው የሚፈልገው» አለ። ነጭ ቀሚስ ከነጥልፉ እንድሰፋ ታዘዝኩና ሰፋሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሰፋኋቸው ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። ጥልፉን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እሷ ስትጠልፍ መብራት ቢጠፋም እጇ አይሳሳትም ነበር። ልጅቷ ያንን ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ከመጋረጃ ጀርባ ስትመለስ አወለቀችው፣ አጣጥፋ ሰጠችኝ፣ «በጣም ያምራል፤ ግን የእሷ አይደለም» አለችኝ። ከዚያ ቲያትር በኋላ ወደ መድረክ አልተመለሰችም። አግብታ ነው ሲሉ ሰማሁ፣ ሥራ አግኝታ ነው የሚሉም ነበሩ። ያንን መጨረሻ እንደተጻፈው ሆኖ በእኛ መድረክ እስከ ዛሬ አላየሁትም። የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ወደ ተማሪዋ ጥያቄ ልመለስ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት እንግሊዝን ከ1558 እስከ 1603 እ.ኤ.አ. ስትገዛ የለንደን የቲያትር ቡድኖች ሴት ተዋናይ አልነበራቸውም። ድምፃቸው ያልጎረነነ ወንድ ልጆች ነበሩ ሴት ሆነው የሚጫወቱት። ለክፍያ የምትጫወት እንግሊዛዊት ሴት በእንግሊዝ የሕዝብ መድረክ ላይ የወጣችው በ1660 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ቫዮላ ማለት ሴት ሆኖ የሚጫወት ወንድ ልጅ፣ እንደገና ወንድ ሲሆን ማለት ናት። ይሄ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የእኛ ዘመናዊ ቲያትር ሲጀመር፣ እነ አስናቀች ወርቁ መድረኩን እስኪረግጡት ድረስ፣ ቀሚስ ለብሰው የሚተውኑት ወንዶች ነበሩ።

ልብስ በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። ሐርና ከፋይ ማን ይልበስ የሚለው በአዋጅ ይወሰን ነበር። ፊሊፕ ስተብስ የሚባል ጸሐፊ በ1583 እ.ኤ.አ. የወንድ ልብስ የሚለብሱ ሴቶችን አጥብቆ አወገዘ። ሴት የወንድ፣ ወንድም የሴት ልብስ አይልበስ የሚለውን ዘዳግም 22 ቁጥር 5ንም ቲያትርን የሚቃወሙ ሰዎች ደጋግመው ይጠቅሱት ነበር። ያን ጊዜ ሴት ልጅን ሱሪ አልብሶ ዋና ሰው ማድረግ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

«የቬኒሱ ነጋዴ» የተባለው የሼክስፒር ተውኔት ላይ ያለችውን ፖርሺያን እዩ። ባሳኒዮን ስታጭ «እስከ አሁን የዚህ ቤት ጌታ እኔ ነበርኩ፤ ከእንግዲህ ቤቱም፣ አሽከሮቹም፣ እኔም ያንተ ነን» ትለዋለች። በእንግሊዝ ሕግም ስታገባ ንብረቷ በባሏ እጅ ነው የሚገባው። ትንሽ ቆይቶ የሕግ አዋቂ መስላ ችሎት ትቆማለች። የባሏን ወዳጅ ሥጋ በዕዳው ፈንታ ልቁረጥ ያለውን አበዳሪ፣ ሥጋውን ቁረጥ፣ ደም ግን ጠብ እንዳይል ብላ ወዳጁን ከሞት ታድናለች። ጭንቅላቱ ድሮም የራሷ ነበር። ሱሪው ያስገኘላት ችሎት መግባቱን ብቻ ነው። ቫዮላን ግን ያው ሱሪ አሰቃያት። የምትወደውን ሰው ልብ ለሌላ ሴት ስታመላልስ ማስመሰልን ክፉ ነገር ትለዋለች።

የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ የሁለት ደቂቃ ቁራጭ አይታችሁ ሼክስፒር ሴት ይንቃል፣ ወይም ለሴቶች መብት ታግሏል ትላላችሁ። ሁለቱም ችኮላ ነው። ያም ሆኖ እኛ በእናንተ ዕድሜ ትልቅ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ አንስተን አናውቅም። እናንተ ትሻላላችሁ።

ቃለ ተውኔታችሁን አጥኑ፣ ሰዓት አክብሩ የሚለውን ሌላ ሰው ይነግራችኋል። እኔ የምለው ልብሱን ተከታተሉ ነው። መቼ ለበሰችው? ማን ያውቅባታል? መቼ አወለቀችው? «እንደወደዳችሁት» በተባለው የሼክስፒር ተውኔት ላይ ጋኒሜድ የሚል የወንድ ስም ይዛ ወንድ መስላ የምትኖረው ሮዛሊንድ ለምሳሌ ከቫዮላ በተቃራኒ በመጨረሻ የሴት ልብሷን ለብሳ ትመጣለች። ሠርጉ ካለቀ በኋላ ግን ብቻዋን ወጥታ ተመልካቹን «ሴት ብሆን ኖሮ» ትለዋለች። ቀሚሱ ውስጥ ያለው ወንድ ልጅ ነዋ! ዛሬ ሴት ስትጫወታት ያቺን ሐረግ የሚያወጧት አሉ። እኔ ትቅር አልልም። ጋኒሜድ ነኝ እያለች ጫካውን ሁሉ ስታዝዝ የቆየች ሴት በአንድ ቀሚስ የድሮዋ አትሆንም። ለእሷ የምሰፋው እኔ ብሆን ኖሮ ከቀሚሱ ሥር የጋኒሜድን ቦት ጫማ እተውላት ነበር። ድርሰቱም አይከለክልም።