ትንሽ ሳዞረው ጣቢያው ይጠፋብኛል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ሂርማታ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ማታ ማታ 7 ሜጋኸርዝ ላይ አማተሮች (በትርፍ ጊዜያቸው በራዲዮ የሚገናኙ ሰዎች) ሲነጋገሩ ማዳመጥ እወዳለሁ። አከራዬ ግቢው ላይ ሽቦ እንድዘረጋ ስላልፈቀዱልኝ ከፍሪጅ ጠጋኝ ባለ 3/8 ኢንች የመዳብ ቱቦ ገዝቼ፣ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር የሆነ ማግኔቲክ ሉፕ፣ ማለትም የቀለበት አንቴና፣ ሠራሁ። ከአሮጌ ራዲዮ የወጣ ባለ ሁለት ክፍል ቫሪያብል ካፓሲተርም (ዘንጉ ሲዞር ጣቢያ የሚመርጠውን ዕቃ) በብሎን አሰርኩበት። ድምፁ ጥርት ብሎ ይገባል፤ ግን ካፓሲተሩን ፀጉር ታህል ሳዞረው ድርግም ይላል። እጄን ሳነሳም ይሸሻል። ምኑ ተበላሽቶ ነው? ፈቃድ ባገኝስ ልልክበት እችላለሁ?
የማታ አድማጭ፣ ከጅማ

መልስ፦ ልጄ፣ ምንም አልተበላሸም። እንዲያውም «ድርግም ይላል» የምትለው ላይ ስደርስ ደስ አለኝ፤ ቀለበትህ በደንብ እየሠራ ነው ማለት ነው።

የአንተ ቀለበት ኢንዳክታንስ፣ ማለትም የማግኔት ኃይል የመያዝ አቅሙ፣ ወደ 3 ማይክሮሄንሪ ገደማ ይሆናል። 7.1 ሜጋኸርዝ ላይ እንዲያስተጋባ ከካፓሲተሩ 170 ፒኮፋራድ ያህል ይፈልጋል፤ ያኔ የሚያሳልፈው ከ10 ኪሎኸርዝ የማይበልጥ ጠባብ መስመር ነው። ይህ ስለት፣ ጣቢያን ከጣቢያ ለይቶ የመያዝ ችሎታው፣ የሚመጣው የመዳቡ ተቃውሞ ከ0.1 ኦም በታች ስለሆነ ነው። አንድ የላላ ብሎን ብቻውን ይህን ያህል ሊጨምርበት ይችላል። ስለዚህ ልትሰጋ የሚገባህ ካፓሲተሩን እንደ ልብህ እያዞርከው ጣቢያው አልጠፋ ያለህ ቀን ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በክረምት ነው። የመጀመሪያ ቀለበቴን እንዳንተው በብሎን አጥብቄ በረንዳ ላይ አቆምኩት። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ ነሐሴ ሲገባ መገጣጠሚያው አረንጓዴ ዝገት አወጣ፣ ስለቱም ሄደ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ካፓሲተሩን ፈትቼ ሳጸዳ ከረምኩ። በኋላ አንድ ፍሪጅ ጠጋኝ ጫፎቹን በጋዝ በየደልኝና በዚያው ምሽት ጣቢያዎቹ እንደ ድሮው ተለይተው መጡ። አንተም ብሎኖቹን አውጣና አስበይድ። ካፓሲተሩን ግን በጋዝ እንዳያቃጥልብህ ሰፊ የመዳብ ቅጠል ከቱቦው ጋር አስበይድና የቅጠሉን ጫፍ ራስህ በሊድ ከካፓሲተሩ ጋር አገናኘው።

የቱቦው ሁለት ጫፎች መግባት ያለባቸው በሁለቱ ክፍሎች የማይዞሩ ቅጠሎች ላይ ነው። የሚዞረውን ዘንግ ከምንም ጋር አታገናኘው። እንዲህ ሲሆን ኃይሉ በሚንሸራተት መነካኪያ ውስጥ አያልፍም። አቅሙ በግማሽ ይቀንሳል፤ 365 ፒኮፋራድ የነበረው ወደ 180 ይወርዳል፣ ለ7 ሜጋኸርዝ ግን ይበቃሃል። የእጅህን ጉዳይ በተመለከተ፣ ሰውነትህ ራሱ ካፓሲተር ስለሚሆን ነው ጣቢያው የሚሸሸው። አንድ ክንድ የሚሆን የፕላስቲክ ቱቦ ዘንጉ ላይ ሰክተህ ከሩቅ አዙረው።

ከራዲዮው የሚመጣውን ኬብል የምታስርባት ትንሿ ቀለበት 20 ሳንቲሜትር ትሁን፤ ከካፓሲተሩ ትይዩ፣ ከታች አድርጋት።

አሁን ደግሞ የምወደው ክፍል። የጎረቤት ቻርጀርና ኤል ኢ ዲ አምፖል ጩኸት ካስቸገረህ ቀለበቱን ቀጥ አድርገህ አቁምና እንደ በር በዝግታ አዙረው። ክፍተቱ ወደ ጩኸቱ ምንጭ ሲዞር ጩኸቱ ዝቅ ይላል። አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 260 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ እዚያ የሚናገር አማተር ድምፅ ከላይ ከአዮኖስፌር (ራዲዮን ከሚመልሰው ከፍተኛ የአየር ንብርብር) ተንጸባርቆ ሽቅብ ከፍ ካለ ማዕዘን ይወርድልሃል፤ የቆመ ቀለበት ደግሞ ከላይ የሚመጣውን በደንብ ይቀበላል። ጩኸቱን ከጎን ዘግተህ ሰውየውን ከላይ ትሰማዋለህ። ከቆርቆሮው ጣሪያ ግን ቢያንስ አንድ ሜትር አርቀው፤ ቆርቆሮ ስለቱን ይበላዋል።

ለመላክ መጀመሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዲስ አበባ ከሄድክ አምስት ኪሎ ያለውን የክበብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤን፣ ጠይቀህ እይ። ፈቃዱ ሲመጣ ግን ይህችን ቀለበት ለ14 ሜጋኸርዝ አስቀምጣት። እዚያ ከምትሰጣት ኃይል ግማሽ ያህሉን ታወጣለች። 7 ላይ ከ10 በመቶ በታች ነው፤ የቀረው መዳቡን ያሞቃል። ለ7 ሁለት ሜትር የሚሆን ቀለበት፣ በወፍራም ቱቦ ሥራ።

አደራህን፣ 5 ዋት ትንሽ መስሎህ እንዳትዘናጋ። በዚያች ኃይል እንኳ ካፓሲተሩ ጫፍ ላይ ከ1000 ቮልት በላይ ይነሳል። የአሮጌ ራዲዮ ካፓሲተር ቅጠሎች በጣም የተቀራረቡ ስለሆኑ ብልጭታ ሊዘልባቸው ይችላል፤ ሥጋንም ያቃጥላል። በ1 ዋት ጀምር፤ የአከራይህ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ላይም አታቁመው።