ከመፈረማችሁ በፊት ማጉረስ ተማሩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከባለቤትሽ ጋር ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ትኖራላችሁ። ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ያለች፣ ሴሬብራል ፓልሲ (የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ያለባትን የ3 ዓመት ልጅ በጉዲፈቻ ልትወስዱ አስባችኋል። አንገቷን ለጥቂት ጊዜ ትይዛለች፣ ብቻዋን አትቀመጥም፣ አንዳንዴ ይጥላታል። "ከየት እንጀምር?" ብለሻል።

ሕጉን ቶሎ ልጨርሰው። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992 ነው። ሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ሐረር ያለ ዘመድ የነገረሽን እንዳለ አትውሰጂው። ባልና ሚስት የሚወስዱት በአንድነት ነው፤ ከሁለታችሁ አንዳችሁ 25 ዓመት ከሞላችሁ ይበቃል። የጉዲፈቻው ውል የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው፣ ዳኛውም ልጅቷን የማሳደግ አቅማችሁን ይመዝናል። ከጸደቀ በኋላ "ከበደን" ብሎ መመለስ የለም። ፍርድ ቤት ሊሽረው የሚችለው አሳዳጊው ልጁን የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ከያዘው ነው። ስለዚህ ከፊርማ በፊት ያለችው ጊዜ ውድ ናት፤ እኔ ብሆን ሙሉ በሙሉ ለማብላት ትምህርት ነው የማውላት።

ምክንያቱን ልንገርሽ። እንደሷ ጉዳቱ ከባድ የሆነባቸውን ልጆች በብዛት የሚቀጥፋቸው የአንጎሉ ጉዳት ራሱ ሳይሆን ምግብና ምራቅ ወደ ሳንባ እየገባ የሚያመጣው የሳንባ ምች ነው። ቤተሰብ ሐኪምና መድኃኒት ሲያሳድድ ማንኪያው ተረስቶ ይቀራል። ማሳደጊያው ሄዳችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ስትበላ ተመልከቱ፣ ከዚያ ሞግዚቷ አጠገባችሁ ሆና እናንተ አብሏት። ብዙ ልጅ በጥቂት ሞግዚት እጅ ሲሆን በጀርባ አጋድሞ ቶሎ ቶሎ ማጉረስ ይለመዳል፤ ያን ልማድ ይዛችሁ ወደ ቤት አትምጡ።

ስትበላ ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ አገጯም ትንሽ ወደ ደረቷ ያዘንብል። ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ከተቀለበሰ የአየር ቧንቧው ይከፈትና ምግቡ ወደዚያው ይሄዳል። ስለዚህ እናንተም ከፊቷ፣ ከዓይኗ ትይዩ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ቆሞ የሚያበላትን ሰው ለማየት ቀና ማለቷ አይቀርም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ምላሷ መሀል ላይ አድርጋችሁ በቀስታ ጫን በሉ፣ ከንፈሯ እስኪዘጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ማንኪያውን ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። ላይኛው ጥርሷ ላይ አትጥረጉት፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ያስቀለብሳታል። ጉሮሮዋ ሲውጥ ሳታዩ ሁለተኛ አትጨምሩ። አንድ ማዕድ ከ30 ደቂቃ ካለፈ ደክማለች ማለት ነው፤ ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ አብሏት። ከበላች በኋላም ግማሽ ሰዓት አታስተኟት።

የሚስማማት ለስላሳና ወፍራም ያለ ነው፦ ገንፎ፣ የተፈጨ ድንች፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ። መረቅ ውስጥ ቁርጥራጭ ያለበት ምግብ በጣም አስቸጋሪው ነው፤ ፈሳሹ ቀድሞ ይወርዳል፣ ጠጣሩ አፏ ውስጥ ይቀራል። የባቢሌ ለውዝ ፍሬው እንዳለ ክልክል ነው፣ ያንቃታል፤ በደንብ ተፈጭቶ ገንፎ ውስጥ ሲገባ ግን በጣም ጥሩ ጉልበት ሰጪ ነው። በየሳህኑ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጨምሩ። ውሃ ቀጭን ስለሆነ የሚያስላት ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት ይቀላታል። ለመጠጫ የፕላስቲክ ኩባያ አንዱን ጎን በግማሽ ጨረቃ ቆርጣችሁ ጠርዙን አለስልሱት። የተቆረጠው ወደ አፍንጫዋ ይዙር፣ የምትጠጣው ካልተቆረጠው በኩል ነው፤ ያኔ ቀና ሳትል ትጨርሰዋለች።

ስትበላ ካሳላት፣ ዓይኗ እንባ ካቀረረ፣ ድምጿ ጉሮሮዋ ውስጥ ውሃ እንዳለ ከተሰማ ወይም ሳንባዋን ደጋግሞ ካመማት ምግቡ ወደ ሳንባ እየሄደ ሊሆን ይችላል፤ ሳትዘገዩ ሐኪም ይያት። ጤና ጣቢያ የክንዷን ዙሪያ አስለኩ። ከ12.5 ሴንቲሜትር በታች የምግብ እጥረት ነው፣ ከ11.5 በታች ደግሞ ከባድ እጥረት ስለሆነ ሕክምናው በዚያው ቀን ይጀመር።

መቀመጫዋን ሠፈር ያለ አናጢ በኮምፔርሳቶና በስፖንጅ ይሠራዋል፤ ልኩን ግን እናንተ ስጡት። ጥልቀቱን ከዳሌዋ ኋላ እስከ ጉልበቷ ማጠፊያ ለክታችሁ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ቀንሱ፤ ከረዘመ ጠርዙ ጉልበቷን ይገፋትና ወደ ፊት ትንሸራተታለች። እግሯ አየር ላይ አይንጠልጠል፣ መርገጫ ይኑረው። ቀበቶው ዳሌዋ ላይ እንጂ ደረቷ ላይ አይታሰር። እግሮቿ እንደ መቀስ ከተጠላለፉ በጉልበቶቿ መሀል በስፖንጅ የተሸፈነ እንጨት ይግባ። ማዘል ጭኗን ከፍቶ ስለሚይዝ በጣም ጥሩ ነው፤ ጭንቅላቷ እንዳይወድቅ ነጠላውን እስከ ጆሮዋ ከፍ አድርጉት። ወጌሻ ግን አይንካት። ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ ስስ ነው፣ በጉልበት ሲታሽ ሊሰበር ይችላል።

የድሬ ሙቀት፣ በተለይ ግንቦትና ሰኔ፣ ለሷ ከሌላው ልጅ ይብሳል። ምራቅ ሲፈሳት ውሃ ታጣለች፣ "ጠማኝ" ማለት ደግሞ አትችልም። ሽንቷ ከጠቆረ በቂ አልጠጣችም። በሙቀት እንቅልፍ አጥታ ካደረች ሊጥላት ስለሚችል ማታ የምትተኛበት ቦታ አየር ያግኝ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ወይም መስኮት ላይ አታስቀምጡ።

ሲጥላት በጎን አስተኟትና ሰዓት ያዙ። ማንኪያ፣ ውሃ፣ የክብሪት ጭስ፣ ሽንኩርት፣ ምንም አፏና አፍንጫዋ ጋ አይድረስ። 5 ደቂቃ ካለፈ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ውሰዷት። አንዳችሁ በስልክ ቅረጿት፣ ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይጠቅመዋል። መድኃኒቱ በድንገት ከተቋረጠ ከቀድሞው የከፋ ያመጣልና ሊያልቅ 10 ቀን ሲቀረው ግዙ። ጸበል ብትወስዷት፣ ዱዓ ቢደረግላት ደግ ነው፤ መድኃኒቱ ግን አንድ ቀንም አይዘለል። ከማሳደጊያው ስትረከቧት የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና የመጨረሻውን ሰዓት፣ የክትባት ካርዷንም ተቀበሉ፤ ዓይኗና ጆሮዋ ተመርምሮ ካላወቀ አስመርምሩላት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤታችሁ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ በፍቅር ሊያጎርሳት ይፈልጋል። እንዳይቀየሙ ብላችሁ ዝም አትበሉ፦ "እሷን የምናጎርሳት እኛ ብቻ ነን" በሉ፣ ለእነሱ እጇን መያዝ፣ መዝፈን፣ ማጫወት ስጧቸው። ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ግን አንድ ሰው መርጣችሁ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አበላሉን አስተምሩት፤ አንቺ የታመምሽ ቀን ማንኪያውን የሚይዘው እሱ ነው።