መልስ፦ የመጽሐፉ 5/14 ትክክል ነው

ጥያቄዎ፣ 5 ወንዶችና 3 ሴቶች ጅማ በሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት ለፎቶ በዘፈቀደ በአንድ መስመር ቢቆሙ፣ ከሴቶቹ ማንም ከማንም ጎን ያለመቆማቸው ዕድል ስንት ነው የሚል ነበር፤ እርስዎ 25/28 አገኙ፣ መጽሐፉ ግን 5/14 ይላል። ስሌትዎን ደረጃ በደረጃ ተከትዬ አየሁት፤ ቁጥሮቹ ላይ አንዳችም ግድፈት የለም። ሦስቱን ሴቶች እንደ አንድ ሰው ቆጥረው 6! × 3! = 4320 አገኙ (6! ማለት 6 × 5 × 4 × 3 × 2 × 1 ነው)፣ ለ8! = 40320 አካፈሉ፣ የወጣውን 3/28 ከ1 ቀነሱ። ስሕተቱ ያለው በተቀነሰው ነገር ላይ ነው፦ የ«ማንም ከማንም ጎን አይቆምም» ተቃራኒው «ሦስቱም አንድ ላይ ናቸው» ሳይሆን «ቢያንስ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው» ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ተጠጋግተው ሦስተኛዋ ራቅ ብላ የቆመችባቸው አሰላለፎች ሁሉ ሳይቀነሱ ቀርተዋል።

የሚሻለው ወንዶቹን አስቀድሞ ማቆም ነው። እነርሱ በ5! = 120 መንገድ ይቆማሉ፤ በመካከላቸውና በሁለቱ ጫፎች 6 ክፍት ቦታዎች ይገኛሉ፤ ሴቶቹም በአንድ ክፍት ቦታ ከአንድ ሳይበልጡ በ6 × 5 × 4 = 120 መንገድ ይገባሉ። 120 × 120 = 14400 ለ40320 ሲካፈል 5/14 ነው።

እኔ ግን እንዲህ ያለውን ቀመር በትንሽ ቁጥር ሳልፈትሽ አላምንም። 2 የቡና ፍሬና 3 ሽምብራ ጠረጴዛ ላይ ደረደርሁ፤ ሽምብራዎቹ የሚለያዩት ሽምብራ፣ ቡና፣ ሽምብራ፣ ቡና፣ ሽምብራ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ከ10 ዓይነት አደራደር አንዱ ማለት ነው። የክፍት ቦታዎቹ ዘዴም 1/10 ሲሰጥ፣ የእርስዎ ዘዴ እዚህ 7/10 ይሰጣል።